የመርጡለ ማርያም ግንብ «ኮብልስቶን» አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጎጃም ጥንታዊ ሕንፃዎች ባለፈው ወር ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ጀምሬ በቅሬታ ጨረስሁት። የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ የዓባይ ድልድዮችና የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ቅጽሮች ሁሉ በአንድ ስም «የኮብልስቶን ግንባታ» ተብለዋል። ነገሩ የቃል ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር።

ኮብልስቶን በተወሰደበት ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ፣ ውሃ ያንከባለለው፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ድቡልቡል ድንጋይ ነው። በዚህ ዓይነት ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች የሚታወቁት በተለይ በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1825 ገደማ እስከ እርስ በርስ ጦርነታቸው ድረስ በሮቸስተር ከተማ ዙሪያ የነበሩ ግንበኞች ከእርሻና ከኦንታሪዮ ሐይቅ ዳርቻ የተለቀመውን ድንጋይ በመጠን እየለዩ በኖራ ረድፍ በረድፍ ይደረድሩት፣ ድቡልቡል ድንጋይ ማዕዘን አይይዝምና የቤቱንም ማዕዘን በትልልቅ የተጠረቡ ድንጋዮች ያስሩት ነበር። የእኛ ከተሞች ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ መንገድ የሚያነጥፉበት «ኮብልስቶን» ግን በመዶሻና በመሮ አራት ማዕዘን ሆኖ የተጠረበ ድንጋይ ነው። ስሙ ለመንገዱ እንኳ ልክ ሳይሆን አሁን ደግሞ ወደ ግንቡ ተሻገረ።

ግንበኛ የነበሩት አባቴ ቃላቱን እንዲህ ይለዩ ነበር። ያለ ማያያዣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ከተደረደረ ካብ ነው፤ ሰዎች «ካብ ለካብ ተያዩ» የምንለው ያንኑ ነው። በጭቃ ወይም በኖራ ከተያያዘ ግንብ ነው። ድንጋዩ በመሮ ፊት ከወጣለት ጥርብ ይባላል። ወፍራም ግንብ ደግሞ ውጭና ውስጥ ሁለት ፊት አለው፤ መሐሉ በትንንሽ ድንጋይና በማያያዣው ይሞላል፤ ሁለቱ ፊቶች እንዳይለያዩም በየተወሰነው ርቀት ረጅም ድንጋይ በግንቡ ውፍረት ይጋደማል። አባቴ ቱምቢያቸውን፣ የግንቡን ቀጥታ የሚለኩበትን ባለ ክብደት ገመድ፣ ጥለው የሌላውን ሰው ሥራ ሲመረምሩ መጀመሪያ የሚፈልጉት ይህን ድንጋይ ነበር፤ ካጡት ቀሪውን ለማየት አይደክሙም።

መርጡለ ማርያምን በዚህ ዓይን እንመልከት። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በእቴጌ እሌኒ የተሠራው፣ በ17ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ በኢየሱሳውያን (በካቶሊክ ሚስዮናውያን) እንደገና የተገነባው ይህ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅስቱና ግድግዳው ላይ አበባ የተቀረጸበት ጥርብ ድንጋይ አለው። እንዲህ ያለውን የመሮ ሥራ ከወንዝ ድንጋይ ጋር በአንድ ስም መጥራት ጠራቢውን መካድ ነው። በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይና ከሞጣ ወደ ቤጌምድር ያሻግር የነበረው ሰባራ ድልድይም በኖራ የተያያዙ፣ በቅስት የቆሙ የ17ኛው መቶ ዘመን ሥራዎች ናቸው። የሰባራ ድልድይ ዋና ቅስት በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሰበረ በኋላ ሕዝቡ ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ተሻግሯል፤ ከሁለቱ ወገን የቀሩት የግንቡ ክፍሎች ግን አልወደቁም።

ስሙ ሲሳሳት ጥገናውም ይሳሳታል። ኖራ ከተቃጠለ የኖራ ድንጋይ የሚገኝ፣ ከአየር ጋር በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ የሚጠነክር ማያያዣ ነው፤ ግንቡ ውስጥ የገባው እርጥበት በመጋጠሚያው በኩል እንዲወጣ ይፈቅዳል፤ መሬቱ በጥቂቱ ሲሰጥም ሳይሰበር ይከተላል። ሲሚንቶ ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው፤ ግትር ሆኖ ይጠነክራል፣ ውሃውን ውስጥ ያስቀራል። በሰበካችን የጭቃ ግንብ የነበረውን ቅጽር አንድ ተቋራጭ «እንደ ኮብልስቶን መንገዱ ይጥበቅ» ብሎ መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ደፈነው፤ በሁለተኛው ክረምት ውጫዊው ፊት እንደ ሆድ ተነፋ፣ በሦስተኛው ወደቀ። ከፍርስራሹ መሐል ሙሌቱ ያኔም እርጥብ ነበር። በደጀን በኩል ባለው የዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ሞልቶ እያለ ጥገናው በሲሚንቶ መሆኑ ይበልጥ ያስቆጫል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም እርማት እንዲወጣ እጠይቃለሁ። መርጡለ ማርያም «የጥርብ ድንጋይ ግንብ»፣ ድልድዮቹ «በኖራ የተገነቡ ባለ ቅስት ድልድዮች»፣ የገጠሩ ቅጽሮች እንደ አሠራራቸው «ካብ» ወይም «የጭቃ ግንብ» ተብለው ይጻፉ። «ኮብልስቶን» የሚለውን ለከተማው መንገድ ተዉለት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የግንባታ ሙያ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ