ቤተሰብ ለታመመባቸው ጓደኞቻችን

ውድ አባላት፣

ከመካከላችን ሁለቱ ከባድ ጊዜ ላይ እንዳሉ ሰምታችኋል። የአንዷ እናት ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ተኝተዋል፤ የሌላው ትንሽ ልጅ ደግሞ በሳንባ ምች ሆስፒታል ገብቷል። ለሁለታችሁም፦ ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክላችሁ። እናታችንን ከአልጋ ያንሣልን፣ ልጃችንንም ፈጥኖ ይማርልን።

ለሌሎቻችን አንድ ነገር ልበል። «የምትፈልጉት ካለ ንገሩን» ማለት ደግ ቃል ነው፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስታምም ያደረ ሰው የሚፈልገውን አስቦ ለመናገር እንኳ አቅም የለውም። (እኔም ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፣ አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም።) ይልቅ «ሐሙስ ማታ እኔ አድራለሁ፣ እናንተ ትንሽ ተኙ» በሉ። መልእክት ስትልኩም «መልስ አያስፈልግም» የምትል ቃል ጨምሩባት።

ጉንፋን ወይም ሳል የያዘው ለጊዜው ለጥየቃ ባይሄድ ይሻላል። ሌሎቻችሁም ከመግባታችሁ በፊት እጃችሁን ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በሳሙና ታጠቡ፤ ብዙም አትቆዩ። «እገሌም በዚሁ በሽታ ነው የሞተው» የሚል ወሬ እዚያ ክፍል እንዳይነሳ፣ አደራ።

ተራ መያዝ የምትችሉ ስማችሁን ላኩልኝ፤ ለቅዳሜ ሌሊት እስካሁን ሰው አልተገኘም።