ነገ ጓዳችንን እንሸኛለን

ውድ የቀድሞ አየር ኃይል ጓዶች፦

የሁላችንም ወዳጅ የነበረው የኤፍ-5 ተዋጊ ጄት ጥገና ባልደረባችን ትናንት ማታ አርፏል። ነፍስ ይማር። ቀብሩ ነገ ሐሙስ ከቀኑ 7 ሰዓት ቢሾፍቱ፣ ሰፈሩ ባለው ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ከአዲስ አበባ የምትሄዱ ጠዋት 3 ሰዓት መስቀል አደባባይ ተገኙ። ሚኒባስ ተይዟል። የጠዋቱን የመንገድ መጨናነቅ ታውቁታላችሁ፣ አንጠብቅም።

ሜዳልያ ያላችሁ አድርጋችሁ ኑ። በ1969ኙ የሶማሌ ጦርነት ጊዜ የተነሳችሁት ፎቶ ካለ ይዛችሁ ኑ፤ ልጆቹ ጠይቀዋል። አባታቸው ስለራሱ አያወራም ነበር። አብራሪው ሲመለስ መሰላሉን ይዞ የሚጠብቀው፣ ጎማው ሳይቀዘቅዝ አውሮፕላኑ ስር የሚገባው እሱ እንደነበር የምንነግራቸው እኛ ነን። በሕይወት ታሪኩ ላይ አንድ ሰው ይናገር፤ በኔ በኩል አብሮት የሠራ ቢሆን ይሻላል፣ አብራሪዎቻችን አይቀየሙኝ።

ድንኳኑን ዕድሩ ይተክላል። እኛ የምንወስነው የማኅበሩን ገንዘብ ለባለቤቱ አሁን እንስጥ ወይስ ለአርባው እናቆየው የሚለውን ነው። እኔ አሁን ይሰጥ ባይ ነኝ፤ የሆስፒታሉ ወጪ ጎድቷቸዋል።

የሚመጣ፣ የሚናገር፣ በገንዘቡ ላይ ሐሳብ ያለው ዛሬ እስከ ማታ 2 ሰዓት እዚሁ ይጻፍልን። ውጭ አገር ያላችሁ የሐዘን መልእክታችሁን በድምፅ ላኩ፣ ለቤተሰቡ እናሰማለን።