ስለ ስንዴ ስትጽፉ ሚኒስትሩን ረሳችኋቸው

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ስለ ስንዴ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደክማችሁበታል፣ እጃችሁ ይባረክ። ግን ህንድ በአዲስ ዘር የስንዴ ምርቷን ያሳደገችበትን ነገር ስታነሱ ሁሉም እንደሚያደርገው አጭሩን ስንዴ ሜክሲኮ ውስጥ ያዳቀሉትን አሜሪካዊ ዶ/ር ኖርማን ቦርሎግን ጠርታችሁ፣ ህንዳዊውን የሰብል ተመራማሪ ዶ/ር ስዋሚናታንን በአንድ መስመር ነካ አድርጋችሁ አለፋችሁ። ዘር መጣ፣ ተዘራ፣ ህንድ ጠገበች። እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮማ እኛም አንድ መርከብ ምርጥ ዘር አስመጥተን ነገሩን ድሮ በገላገልነው ነበር። ዘሩ እንዲገባ የፈረሙ፣ ለገበሬው ዋጋ ያስቆረጡ፣ በዚህም ፓርላማ ውስጥ የተብጠለጠሉ አንድ ሰው ነበሩ። የህንድ የምግብና ግብርና ሚኒስትር የነበሩት ሲ. ሱብራማኒያም ናቸው። እኔ ዕድሜዬን በዲኤነት (በየቀበሌው ገበሬ በሚያማክር የልማት ሠራተኛነት) እና በወረዳ ግብርና ቢሮ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ የእሳቸው ታሪክ ከቦርሎግ ታሪክ ይልቅ ይቀርበኛል። ቦታ ካላችሁ ይህችን አውጡልኝ። ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ሰውየው በ1910 ደቡብ ህንድ ውስጥ፣ ኮይምባቶር አውራጃ፣ ፖላቺ ከምትባል ከተማ አጠገብ ባለች መንደር ተወለዱ። ማድራስ ሄደው ፊዚክስ ተማሩ፣ ከዚያ ሕግ ጨመሩበት። በወጣትነታቸው ጋንዲ የጀመሩት የእምቢተኝነት ትግል ውስጥ ገቡ። በ1942 «ህንድን ለቃችሁ ውጡ» የሚለው ዘመቻ ሲቀጣጠል እንግሊዞች እሳቸውንም አሰሯቸው። ነፃነት ሲመጣ ሕገ መንግሥቱን ባጸደቀው ጉባኤ ተቀመጡ። ከ1952 እስከ 1962 ደግሞ በማድራስ ክፍለ ሀገር መንግሥት ሚኒስትር ነበሩ። ትምህርትና ገንዘብን ይዘው ሳለ ነው ዋና ሚኒስትሩ ካማራጅ የተማሪዎች ምሳ ምገባን ያስፋፉት። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ስለ ተማሪ ምገባ ስናወራ አዲስ ነገር ይመስለናል፣ እነሱ ግን ከ60 ዓመት በፊት ጀምረውታል።

ወደ ስንዴው ልመለስ።

በ1964 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኔህሩ ሞቱ፣ ላል ባሃዱር ሻስትሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሱብራማኒያም ያኔ የብረታ ብረትና የማዕድን ሚኒስትር ናቸው። ብረት የዘመኑ ክብር ነው፤ ፋብሪካ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ሻስትሪ ከዚያ አንስተው ምግብና ግብርና ላይ አስቀመጧቸው። ያ ወንበር የፖለቲከኛ መቀበሪያ የሚባል ነበር። ምርት ሲጠፋ ተጠያቂው ሚኒስትሩ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ምስጋናው የአምላክ። ሰውየው ግን ተቀበሉ።

ህንድ ያኔ የምትበላው ከአሜሪካ በሚመጣ ስንዴ ነበር። የርዳታ ስንዴ ወረፋ ምን እንደሚመስል ለኢትዮጵያ አንባቢ አላስረዳም። በ1965 እና በ1966 ዝናቡ በተከታታይ ጠፋ፤ ቢሃር በምትባለው ክፍለ ሀገር ረሃብ ገባ። በ1966 ብቻ ወደ 10 ሚሊዮን ቶን እህል ከውጭ ገባ። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ጆንሰን ደግሞ እህሉን በገፍ አልሰጡም። መርከቡን በትንሽ በትንሹ እየለቀቁ፣ ልጓሙን በእጃቸው እንደያዙ ነበር። አንድም ግብርናችሁን አስተካክሉ ነው፣ አንድም ስለ ቬትናም ጦርነት የምትናገሩትን ቀንሱ ነው። ለነፃነት ብሎ እስር ቤት ለገባ ሰው፣ አገሩ የምትቀጥለውን ወር እንጀራ ከሌላ አገር መሪ ፊርማ ስትጠብቅ ማየት ምን ዓይነት ስሜት እንደሚሰጥ እናንተው ገምቱት።

አሁን ልብ በሉልኝ፤ መጀመሪያ የነኩት ዘሩን አይደለም። ዋጋውን ነው። ገበሬው አምርቶ ከከሰረ በሚቀጥለው ዓመት አያመርትም፣ ይኼ ለማንም ግልጽ ነው፣ ለፕላን ሰዎች ብቻ ግልጽ አልነበረም። የከተማ እንጀራ ረክሶ ይኑር፣ አለበለዚያ ደሞዝ ጭማሪ ይጠየቃል የሚል ወገን ነበር፤ የገንዘብ ሚኒስትሩ ክሪሽናማቻሪም በዚህ በኩል ነበሩ። ሱብራማኒያም ተከራክረው በ1965 መጀመሪያ ሁለት ነገር እንዲቋቋም አደረጉ። አንዱ የእርሻ ምርት ዋጋ ኮሚሽን ነው፤ ሥራው ለመንግሥት መሸጫ ዋጋ ምን መሆን እንዳለበት ማማከር ነው። ሁለተኛው የህንድ የምግብ ኮርፖሬሽን ነው፤ ይኼኛው ገንዘብና መጋዘን ይዞ እህሉን ይገዛል። ያለሁለተኛው የመጀመሪያው ወረቀት ነው።

ቀጥሎ ተመራማሪዎቹን አዩ። የግብርና ምርምር ምክር ቤቱን ይመሩ የነበሩት የአስተዳደር ሰዎች ነበሩ፤ ስለ ዋግ፣ ስለ ስንዴ በሽታ፣ የሚያውቀው ሰው ስለ ዋግ ለማያውቅ አለቃ ማመልከቻ ይጽፋል። (የምታውቁት ነገር ከሆነ አትሳቁ።) በ1965 የስንዴ ተመራማሪው ፓል ምክር ቤቱን በዋና ዳይሬክተርነት እንዲመሩ ተደረገ።

ከዚህ በኋላ ነው ዘሩ የመጣው። የህንድ የድሮ ስንዴ ረጅም ነው። ማዳበሪያ ስትጨምርለት ይመዝዛል፣ ዛላው ሲከብድ ይጋሽባል። ስለዚህ ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ማለት ኪሳራ ነበር። የሜክሲኮው አጭር ስንዴ፣ ሶኖራ 64 እና ሌርማ ሮሆ 64 የሚባሉት፣ ማዳበሪያውን ጠጥተው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ግን እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ አጭሩ ስንዴ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም አጭር ነው። ገበሬው የለመደው እርጥበት ፍለጋ ጠለቅ አድርጎ መዝራት ነው። ይኼኛውን እንደዚያ ብትቀብረው ቡቃያው ብርሃን ሳያይ አፈር ውስጥ ይቀራል። አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። ከዚያ ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት፣ አዲሱን ሥር ሊሰድ ሲል፣ ውኃ ማግኘት አለበት፤ እሷን ሳምንት ካሳለፍካት ማዳበሪያህን በላህ። ይኼን ለገበሬ በስብሰባ አዳራሽ መንገር አይቻልም፣ ሞክሬዋለሁ፣ ጭብጨባ ብቻ ነው ትርፉ። እነሱም ያደረጉት በትንንሽ ገበሬዎች ማሳ ላይ ሠርቶ ማሳያ ማብዛት ነበር። ሞዴል ገበሬ የሚባለው ባለጸጋ ማሳ ላይ ቢሆን ኖሮ ጎረቤቱ «እሱማ ገንዘብ አለው» ብሎ ያልፈው ነበር። ሚኒስትሩም ደልሂ በሚገኘው የመንግሥት መኖሪያቸው ግቢ ያለውን ሣር አስነቅለው ስንዴውን ዘሩበት። ጠያቂ ሲመጣ ሳሎን ከመግባቱ በፊት ስንዴ ያያል።

በ1966 ህንድ ከሜክሲኮ 18,000 ቶን ዘር ገዛች። እስከዚያ ድረስ በዚህ መጠን ዘር የገዛ አገር አልነበረም። ተቃውሞው ከሁሉም አቅጣጫ መጣ። ግራዎቹ «ከውጭ ማዳበሪያ ኩባንያ እግር ሥር ልትጥሉን ነው» አሉ። የገንዘብ ሰዎቹ ዶላሩን ተመለከቱ። በሽታ ይዞ ቢገባስ ያለም ነበር። ሻስትሪ ደግሞ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ታሽከንት ውስጥ በድንገት ሞተዋል፤ ደጋፊያቸው የለም። እንደ እድል ተተኪዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ ከቦታቸው አላነሷቸውም።

አንድ ነገር ላስገባ። በ1965 መጀመሪያ ሂንዲ ብቸኛው የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ሊሆን ነው ተብሎ ማድራስ በተቃውሞ ስትናጥ፣ ሰዎች ሲሞቱ፣ ሱብራማኒያምና ሌላው የታሚል ሚኒስትር አላጌሳን የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገቡ። ሻስትሪ በሬዲዮ ቀርበው እንግሊዝኛ እንደሚቀጥል ዋስትና ሰጡ፤ ሁለቱም ደብዳቤያቸውን ሳቡ። ወንበሩ ላይ የተጣበቁ ሰው አልነበሩም ለማለት ነው።

ታዲያ በ1967 ምርጫ ምን ሆነ? ተሸነፉ። በገዛ አገራቸው። ማድራስ ሩዝ በላተኛ ነው፤ ሩዝ ጠፍቷል፣ ተወዷል፣ የሂንዲውም ቁጣ አልበረደም። ሰሜን ላይ የዘሩት ስንዴ ደቡብ ላይ ድምፅ አላመጣላቸውም። በዓመቱ፣ 1968 ላይ፣ ምርቱ ከ16 ሚሊዮን ቶን አለፈ፤ ከዝናቡ ችግር በፊት ከነበረው ጥሩ ዓመት እንኳ በ4 ሚሊዮን ይበልጣል። ማስቀመጫ ጠፍቶ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እህል ተከመረባቸው። ኢንድራ ጋንዲ «የስንዴ አብዮት» የሚል ቴምብር አስመረቁ። ያኔ ሱብራማኒያም ሚኒስትር አይደሉም። በ1970 ቦርሎግ የኖቤል ሰላም ሽልማት ወሰዱ። ለሱብራማኒያም አገራቸው ባራት ራትና የሚባለውን ትልቁን ሽልማት የሰጠቻቸው በ1998 ነው፣ 88 ዓመታቸው። በ2000 አረፉ።

ቅዱስ አደረግኳቸው እንዳትሉኝ። በ1975 ኢንድራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ ሲያውጁ እሳቸው የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ። ከ100,000 በላይ ሰው ያለ ፍርድ ታሰረ፣ ጋዜጣ በሳንሱር ታፈነ። ለሂንዲ ጉዳይ ደብዳቤ ያስገቡት ሰው ለዚህ አላስገቡም። እንግሊዝ ያለ አግባብ ያሰረው ሰው እዚያ ካቢኔ ውስጥ እስከ መጨረሻው መቀመጡን እኔ በበጎ አላየውም። በስተርጅና ደግሞ የማሃራሽትራ ገዢ ሆነው ሳለ፣ በ1993፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በግል ጨዋታ የተቹት ነገር ጋዜጣ ላይ ወጣባቸውና ለቀቁ። ዘግየት ያለ ድፍረት ነው።

ስንዴውም ቢሆን ዕዳ አለው። በሰሜን ህንድ ያለችው የስንዴ አገር ፑንጃብ የከርሰ ምድር ውኃዋን ጨርሳ ልታበቃ ነው፤ ባቄላና አተር መሰሎቹ ሰብሎች በስንዴና በሩዝ ተገፉ። በ2020 የፑንጃብና የሃሪያና ገበሬዎች ትራክተራቸውን ይዘው ደልሂ መግቢያ ላይ አንድ ዓመት የተቀመጡት በምን ምክንያት ይመስላችኋል? በወጡት አዲስ የእርሻ ንግድ ሕጎች ምክንያት በመንግሥት የሚገዛው እህልና የተቆረጠው ዋጋ ይቀርብናል ብለው ፈርተው ነው። በ1965 የተተከለው ነገር ነው። መንግሥት በ2021 ሕጎቹን ሰረዘ።

እኛ ጋ ልምጣና ልጨርስ። ቦርሎግ እዚህም መጥተዋል፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር ሳሳካዋ ግሎባል በሚባል የግብርና ድርጅት በኩል ሠርቶ ማሳያው ተጀመረ፣ እኛም ዲኤዎች ምርጥ ዘርና ዳፕ የሚባለውን ማዳበሪያ ይዘን በየቀበሌው ዞርን። ምርቱ መጣ፣ ያለ ውሸት መጣ። ከዚያ በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ ወረደ፣ ወረደ፣ የማጨጃውን ወጪ እንኳ ስለማይመልስ ማሳው ላይ የተወው ገበሬ ነበር። የማዳበሪያ ዕዳ ግን አልወረደም። ዕዳውን ሰብስቡ ተብለን የተላክነውም እኛው ነን። አንድ አባወራ የጎተራውን በር ከፍቶ አሳየኝና «እንካ፣ ሁሉንም ውሰደው፣ ስንት ታስብልኛለህ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዋጋ ቆራጭ እኔ አይደለሁም፣ ማን እንደሆነም በወረዳው የሚያውቅ አልነበረም። በዓመቱ ደግሞ ድርቅ መጣ።

አሁን ስለ ኩታ ገጠም፣ ስለ በጋ መስኖ ስንዴ፣ ስለ ሄክታርና ኩንታል በየዜናው እንሰማለን። ጥሩ ነው፣ አረንጓዴ ማሳ ማየት የሚጠላ የለም። እናንተም ፎቶውን አሳምራችሁ አውጥታችኋል። ግን ያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ገበሬው ኩንታሉን ስንት እንደሸጠ አንድ ቁጥር አላገኘሁም። ዩሪያውን ስንት ገዛው? ማን ተረከበው? ገንዘቡ በስንት ጊዜ እጁ ገባ? ለሚቀጥለው እትም ሪፖርተራችሁን ስትልኩ ኮምባይነሩ ላይ ቆሞ ፎቶ ከመነሳቱ በፊት እነዚህን ይጠይቅልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የግብርና ባለሙያ፣ ከአርሲ