የነቀዝ ክኒን በፍሬ አይሸጥ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ነው። እዚህ ግማሹ ሰው ደመወዝተኛ ነው፣ ግማሹ አሁንም ስንዴና ሽምብራ ያመርታል። አዝመራ ገብቶ ጥቂት ወራት እንዳለፉ ሽምብራው መንቀዝ ይጀምርና ሰዉ ወደ ሱቅ ይሮጣል። ጤፍ ያለው አይጨነቅም፣ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም።

አንዱ ባለሱቅ የነቀዝ ክኒኑን በፍሬ ቆጥሮ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለአንዲት ሴት ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ (የናንተው ጋዜጣ እንዳይሆን ብቻ!)። ስም የለው፣ ማስጠንቀቂያ የለው፣ «ማዳበሪያው ውስጥ ጣል አድርጊው» ብሎ ሸኛት፤ በቃ። ይሄ እኮ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። አየር ላይ ያለው እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው እሱ ነው፣ ሰውንም የሚገድለው እሱ ነው፣ ማርከሻም የለውም።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ ነቀዙ እንኳ በቅጡ አለመሞቱ ነው። የሽምብራ ነቀዝ እንቁላሉን ፍሬው ላይ ይለጥፋል፣ ቀረብ ብሎ ላየው ነጭ ነጥብ ነው፤ ትሉ ፍሬውን ፈልፍሎ ይገባና ውስጥ ሆኖ እየበላ ያድጋል፣ ሲጎለምስ ክብ ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣል። ጋዙ ለቀናት ታፍኖ ካልቆየ እላይ የሚርመሰመሰው ቢሞትም ውስጥ ያለው ይተርፋል። ማዳበሪያ ደግሞ ጋዝ አይዝም። ታዲያ ጋዙ የት ይሄዳል? ጎተራ የነበረበት ግቢ ተሸንሽኖ ቤት ስለተሠራበት እህሉ ያለው አልጋ ሥር ነው። ነቀዙ አልሞት ሲል ሌላ ክኒን ይጨመራል።

ያለ መርዝ የሚሠራ ነገር እኮ አለ፣ ፒክስ የሚባለው ከረጢት። ውጩ ማዳበሪያ ነው፣ ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ። እህሉን በደንብ አድርቆ፣ አበጥሮ መክተት፣ አየሩን ተጭኖ ማስወጣት፣ ከዚያ እያንዳንዱን ላስቲክ ለየብቻ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። ነቀዙ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርስና እዚያው ያልቃል። እርጥብ እህል ከገባበት ግን ይሻግታል። አይጥ ካልቀደደው ለከርሞም ያገለግላል። እኛ ሰፈር ግን ክኒኑን እንጂ ከረጢቱን ሲሸጥ አላየሁም።

የሚመለከተው አካል በፍሬ መሸጡን ያስቁምልን። ከረጢቱንም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በሚያከፋፍሉት ማኅበራት በኩል አዝመራ ሳይሰበሰብ ያድርስልን። እናንተም በገበያ ቀን ጋዜጠኛ ልካችሁ እዩት።

እስከዚያው፣ ክኒን ያለበት እህል መኝታ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ካለ ቤተሰቡን ከዚያ ክፍል ያውጣ፣ በርና መስኮቱንም ይክፈት። የሚያስታውከው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ እዚያ ሲደርሱ የበላውን ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ የነቀዝ ክኒን እንዳለ ይናገሩ።

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ