የባዮሎጂ ክበብ፦ የተቀቀለው ባቄላ ለምን ሞቀ?

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የተያያዘው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሴሎች ከምግብ ኃይል የሚያወጡት እንዴት ነው?

አዳዲስ አባላት ሲመጡ አብዛኞቹ «ዕፅዋት የሚተነፍሱት ማታ ብቻ ነው» ባዮች ነበሩ። ክርክሩን የዳኘው የኖራ ውሃ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገባበት ይደፈርሳል። አረንጓዴ ቅርንጫፍ ከኖራ ውሃ ጋር ከድነን በጥቁር ጨርቅ ስንሸፍነው ውሃው ደፈረሰ፤ ብርሃን ላይ የዋለው ግን እምብዛም አልተለወጠም። ቅጠሉ ቀንም ይተነፍሳል፤ የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፎቶሲንተሲስ እዚያው ስለሚጠቀምበት ነው የማይታየን።

ትልቁ ሥራ ግን የፔርሙሶቹ ነበር። በአንዱ እየበቀለ ያለ ባቄላ፣ በሌላው ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ባቄላ ጨምረን፣ አፋቸውን በጥጥ ወትፈን ቴርሞሜትር ሰካንባቸው። የበቀለው እንደጠበቅነው ሞቀ። ግሉኮስ የተባለው ስኳር ሲፈርስ ከሚወጣው ኃይል ሴሉ በኤቲፒ (ሴሉ ለሥራው የሚጠቀምበት ኃይል ያዥ ሞለኪውል) መልክ የሚይዘው ከፊሉን ነው፤ የተረፈው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ጥቂት ቀናት ሲቆይ ግን የተቀቀለውም መሞቅ ጀመረ! «የሞተ ባቄላ ይተነፍሳል እንዴ?» ተብሎ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። አንዷ አባል ጥጡን ነቅላ ስታሸት ነገሩ ለየለት፤ ባቄላው በስብሷል። ሲተነፍሱ የሰነበቱት ባክቴሪያና ሻጋታ ኖረዋል። ሁለቱንም ፍሬ በቀጠነ በረኪና አጥበን ስንደግመው የተቀቀለው ሳይሞቅ ቆየ። እኔ ሰሌዳ ላይ ከጻፍኩት ሁሉ ይህ ሽታ የበለጠ አስተምሯል።

እርሾና ስኳር ባለበት ጠርሙስ አፍ ላይ ፊኛ ማሰሩንም ሠርተነዋል፤ ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ አልፈዋለሁ።

የግድግዳ ጋዜጣችን ያስነሳው ሙግት ግን አይታለፍም። ባዮኬሚስቱ ሃንስ ክሬብስ እ.ኤ.አ. በ1937 ስለገለጸው ዑደት (ሴል ምግብን ደረጃ በደረጃ የሚያፈርስበት የኬሚካል ሂደት) የጻፉት ልጆች፣ አንድ ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል የሚገኘው ኤቲፒ ከ30 እስከ 32 ገደማ ነው ብለው ለጠፉ። 38 ብለው የሸመደዱ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች «ተሳስታችኋል» ብለው መጡ። 38 በወረቀት ላይ ሲሰላ የሚገኝ ጣሪያ ነው። ኤቲፒ በብዛት የሚሠራው በሚቶኮንድሪያ (የሴሉ የኃይል ማመንጫ) ውስጠኛ ሽፋን አንድ ወገን የተከማቹ ፕሮቶኖች (የሃይድሮጅን አዮኖች) ወደ ውስጥ ሲመለሱ ነው፤ ሁሉም ግን ለኤቲፒ ሥራ አይውሉም፤ ከፊሉ ሾልኮ ይመለሳል፣ ከፊሉም ፎስፌትን ወደ ውስጥ ለማስገባት ይውላል። ከተከራካሪዎቹ ሁለቱ በዚያው የክበቡ አባል ሆነዋል።

ለሚቀጥለው ዓመት ያደረው ሥራ ሜቲሊን ብሉ የተባለው ማቅለሚያ እርሾ ሲተነፍስ ሰማያዊነቱን ሲያጣ ማየት ነው። ማቅለሚያው ዘግይቶ ስለደረሰን ዘንድሮ አልሠራነውም።