የኬሚስትሪ ክበብ፦ ማን ቀድሞ ይውጣ?

ዕቅዳችን ላይ ሳሙና መሥራት፣ ውኃ ማጣራትና የሳይንስ ቀን ነበሩ። ሳሙናው ተሠርቶ እጅ መታጠቢያው ጋ ውሏል፤ ከዚያ በላይ የሚወራለት የለም። ዕቅዱን ያስረሳን የአንዲት የ12ኛ ክፍል ልጅ ጥያቄ ነው። ኅዳር ላይ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ በተሰበረው መስኮት እየገባ፣ ሦስቱን የኤሊሚኔሽን (ከሞለኪውል አተሞች ወጥተው ድርብ ቦንድ ያለው አልኪን የሚሠራበት ሪአክሽን) መንገዶች በሠንጠረዥ ከፋፍዬ ሰሌዳውን ሞልቼ ስጨርስ፣ «ቲቸር፣ ሦስቱም መጨረሻቸው አልኪን ከሆነ መንገዱን ማወቅ ምን ያደርግልናል?» አለችኝ። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያንኑ ሠንጠረዥ ሸምድጄ ነው ያለፍኩት። ለሳምንት ቀጠርኳት።

በሳምንቱ ሜዳ ወጣን። ሁለት ልጆች ካርቦን ሆነው ተያያዙ፤ አንደኛው በሌላ እጁ ሃይድሮጂንን፣ ሁለተኛው ብሮሚንን ያዘ። ቤዝ፣ ማለትም ሃይድሮጂን ወሳጅ፣ የሆነው ልጅ ሃይድሮጂኑን ሲጎትት በዚያው ቅጽበት ብሮሚኑ ከለቀቀ ኢ-ቱ (E2) ነው፤ ፍጥነቱ በቤዙም በሃላይዱም (ብሮሚኑን በያዘው ሞለኪውል) መጠን ይወሰናል። ቤዝ ሳይደርስ ብሮሚኑ በራሱ ከሄደና ካርቦኑ ባዶ እጁን ከቀረ (ካርቦካታዮን ይባላል) ኢ-ዋን (E1) ነው፤ ቤዝ ብንጨምር ያችን ዝግተኛ እርምጃ አያፈጥናትም። ሦስተኛው፣ ኢ-ዋን-ሲቢ (E1cB) ላይ ሃይድሮጂኑ ቀድሞ ይወሰዳል፤ መውጣት የሚከብደው እንደ ሃይድሮክሳይድ ያለው ቡድን ኋላ ይከተላል። ብሮሚኑ ልጅ «እኔ አቦሉን ጠጥቼ የምሄድ እንግዳ ነኝ» ሲል ሃይድሮክሳይዱ «እኔ በረካውን ሳልጠጣ አልነሳም» አለው። ከዚያ ወዲህ ክበቡ ውስጥ የአቦል እንግዳና የበረካ እንግዳ ይባላሉ። ፈተና ላይ እንዳይጽፉት ለምኛቸዋለሁ።

የልጅቱን ጥያቄ የመለሰው ግን ድንች ነው። ስድስት ድንች ካርቦን አድርገን በስቴኪኒ አያይዘን ቀለበት ሠራን፤ ክሎሪኑ የቀይ ስር ቁራጭ፣ ሃይድሮጂኑ የተዘፈዘፈ ሽምብራ። ሜንታይል ክሎራይድና ኒዮሜንታይል ክሎራይድ የሚባሉት ሁለት ባለ ቀለበት ሞለኪውሎች የሚለያዩት ክሎሪኑ በዞረበት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ሶዲየም ኢቶክሳይድ ከሚባለው ቤዝ ጋር ግን ኒዮሜንታይሉ 200 እጥፍ ያህል ይፈጥናል። ኢ-ቱ ሃይድሮጂኑና ክሎሪኑ ጀርባ ለጀርባ፣ በ180 ዲግሪ እንዲቆሙ ይፈልጋል። ኒዮሜንታይሉ ሲጀመርም እንዲያ ነው የቆመው። ሜንታይሉ እንዲያ ለመቆም ቀለበቱን መገልበጥ አለበት። ድንቹን ስንገለብጠው ስቴኪኒው ተሰበረ፤ በሽቦ ደግመን ሠራነው። ያችው ልጅ ሽቦውን ገልብጣ ከቀይ ስሩ ጀርባ የቆመውን ፈለገች፤ «አንድ ሽምብራ ብቻ!» ብላ ጮኸች። በኒዮሜንታይሉ ሁለት ነበሩ። ስለዚህ ሜንታይሉ በኢ-ቱ አንድ አልኪን ብቻ ይሰጣል፤ ያውም ሩሲያዊው ኬሚስት ዛይትሴቭ ካዛን ሆኖ በ1875 (እ.ኤ.አ.) ካወጣው፣ ድርብ ቦንዱ ላይ ብዙ ካርቦን የተያያዘበት አልኪን ይበዛል ከሚለው ደንብ ተቃራኒ፣ ብዙ ያልተተካውን። ያንኑ ሜንታይል በኢ-ዋን ብናስኬደው ግን ክሎሪኑ ቀድሞ ስለሚሄድ የአቋሙ ነገር ይቀራል፤ ሁለቱም አልኪኖች ይገኛሉ፣ የሚበዛውም የዛይትሴቭ ነው። መነሻው አንድ፣ መድረሻው በመንገዱ ይለያል ማለት ነው። ልጅቱ ሽቦውን ቤቷ ወሰደችው፤ እስካሁን አልመለሰችም።

በረመዳን ጾመኞቹ እንዳይደክሙ ስብሰባችንን ወደ ጠዋት አዛወርን። ብሮሚን ያለበት ሞለኪውል (ብሮሞአልኬን) ስለሌለን ከኢታኖል ሞለኪውል ውኃ አውጥተን አልኪን መሥራትን ሞከርን። በኢታኖል የራሰ አሸዋ ከቱቦው ሥር፣ መሃሉ ላይ የጀበና ስባሪ አደረግንና ስባሪውን አጋልን፤ የሚወጣውን ጋዝ በማስተላለፊያ ቱቦ ውኃ ውስጥ በተደፉ ጠርሙሶች ሰበሰብን። የመጀመሪያው ጠርሙስ አየር ነበር፤ በሁለተኛው የፖታሲየም ፐርማንጋኔቱ ሐምራዊ ቀለም ጠፍቶ ቡናማ ሆነ፤ አልኪን የመኖሩ ምልክት ነው። ሁሉም ሲያጨበጭብ እኔም ዘነጋሁና ማስተላለፊያውን ከውኃው ሳላወጣ እሳቱን አጠፋሁ። ቀዝቃዛው ውኃ ወደ ጋለው ቱቦ ተመልሶ ቱቦው ጧ አለ። ደግነቱ ሁላችንም መነጽር አድርገናል።

አንድ አጋዥ መጽሐፍ ኢታኖል ከአሲድ ጋር ሲሞቅ ካርቦካታዮን ይሠራል ብሎ ሥሏል። ልጆቹ እየተቀባበሉ አረሙት፦ ፕራይመሪ (ከአንድ ካርቦን ጋር ብቻ የተያያዘ) ካርቦካታዮን ያን ያህል አይጸናም፤ ውኃው የሚወጣው ሃይድሮጂኑ ሲወሰድ አብሮ ነው። ሠንጠረዡን ብቻ አስተምሬ ቢሆን ይህን የሚያይ ልጅ አላገኝም ነበር።

የተሰበረው ቱቦ በንብረት መዝገብ በስሜ ተጽፏል። ለከርሞ ጀበና የሰበረ ቤተሰብ ስባሪውን እንዳይጥል አደራ፤ ቀለም ያልተቀባ ይሁን።