128 ሚሊዮን ብር በምን ላይ ቆሞ ነበር? ለአማካሪ ድርጅታችን የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማህበራችን አማካሪ መሐንዲስ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ መነሻው ያልተገለጸ የወጪ ግምትንና በአግባቡ ያልተሠራ የፕሮጀክት ቁጥጥርን ይመለከታል

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አቃቂ አካባቢ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ እያስገነባ ያለውን የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማህበራችንን ወክዬ ነው። 24 አባላት ነን። መምህራን አሉን፣ የባንክ ሠራተኞች አሉን፣ ጡረተኞች አሉን። ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ የድርሻዋን በየወሩ የምትልክ እህትም አለችን። ሁላችንም የከፈልነው እናንተ በሰጣችሁን ቁጥር ልክ ነው። ብድር የወሰደው በዚያ ቁጥር ወሰደ፤ ወርቋን የሸጠችውም በዚያ ቁጥር ሸጠች።

ነሐሴ ላይ አንድ ገጽ ደብዳቤ ላካችሁልን። በ128 ሚሊዮን ብር ያልቃል ያላችሁት ሕንፃ አሁን 211 ሚሊዮን ይፈጃል ይላል። ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል፦ «በውጭ ምንዛሪ ለውጥ ሳቢያ የግንባታ ዕቃ ዋጋ በመናሩ»። ከዚያ በታች ያለው ፊርማና ማህተም ብቻ ነው። 83 ሚሊዮን ብር በምን በምን እንደጨመረ የሚያሳይ ሠንጠረዥ የለም።

ዋጋ ለምን ጨመረ ብለን አይደለም ቅሬታ የምናቀርበው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲወሰን አገር ሁሉ ያየው ነገር ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ፌሮው፣ አልሙኒየሙ፣ ሊፍቱ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ በእሱ ልክ እንደተወደደ እናውቃለን። ይህን እናንተ አላመጣችሁትም። የምንከሳችሁ በሌላ ነው። የሰጣችሁን ግምት ምን ያህል የሚታመን እንደሆነ አልነገራችሁንም። ከተሳሳተ በኋላም መሳሳቱን የሚያሳየውን ቁጥጥር አልሠራችሁም።

ከግምቱ ልጀምር።

በቴክኒክ ፕሮፖዛላችሁ ላይ የወጪ ግምትና የፕሮጀክት ቁጥጥር ሥራችሁን በኤ.ኤ.ሲ.ኢ. ኢንተርናሽናል አሠራር መሠረት እንደምትሠሩ ጽፋችኋል። ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች የመረጥናችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። ኤ.ኤ.ሲ.ኢ. እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካ ውስጥ በወጪ መሐንዲሶች የተመሠረተ ነው። ለሙያው ካወጣቸው የአሠራር መመሪያዎች አንዱ የወጪ ግምትን በአምስት ደረጃ ይከፍላል። ደረጃ 5 ሐሳቡ ገና ወረቀት ላይ ሲወርድ የሚሰጥ ግምት ነው። ደረጃ 1 ንድፉ ሊያልቅ ሲል ወይም ካለቀ በኋላ ነው። ደረጃውን የሚወስነው ገማቹ ያፈሰሰው ላብ አይደለም፤ ዲዛይኑ ምን ያህል ሄዷል የሚለው ነው።

ጥር 2016 ዓ.ም. ግምቱን ስትሰጡን እጃችሁ ላይ የነበረው የአርክቴክቸር ንድፍ ብቻ ነበር። የስትራክቸር ንድፉ አላለቀም። የአፈር ምርመራው አልተሠራም። የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ንድፍ አልተጀመረም። በዚህ ሁኔታ የተሠራ ግምት ቢበዛ ደረጃ 4 ነው። ለሕንፃ ሥራ የወጣው 56አር-08 የተባለው መመሪያ በዚህ ደረጃ ያለ ግምት በተለምዶ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሊወርድ፣ ከ20 እስከ 30 በመቶ ደግሞ ሊወጣ እንደሚችል ያሳያል። መመሪያው ራሱ እነዚህ ቁጥሮች ጠቋሚ እንጂ ቁርጥ እንዳልሆኑ፣ እንደ ፕሮጀክቱ ስጋት እንደሚለያዩም ይናገራል። ቢሆንም ሒሳቡን እንሥራው። 128 ሚሊዮን ማለት ከ102 እስከ 166 ሚሊዮን ብር ድረስ ሊሆን የሚችል ነገር ነበር ማለት ነው።

ይህን ማን ነገረን? ማንም። የሰጣችሁን ሰነድ እስከ ሳንቲሙ ድረስ የተጻፈ አንድ ቁጥር ነው የያዘው። ሳንቲም የተቆጠረለት ግምት ያየ ሰው ቁርጥ ያለ ዋጋ ነው ብሎ ያምናል። «እስከ 166 ሊደርስ ይችላል» ብትሉን ኖሮ አንድ ፎቅ ቀንሰን እንጀምር ነበር። ወይም ብሎክ ግድግዳው አልቆ ልስኑና ሴራሚኩ በየአባሉ እንዲሠራ እንስማማ ነበር። ወይም ጭራሽ አንጀምርም ነበር። ያን የመምረጥ ዕድል ነው የወሰዳችሁብን።

ግምት ብቻውን አይመጣም፤ የግምት መነሻ ሰነድ ይዞ ነው የሚመጣው። ለዚህም ራሱን የቻለ መመሪያ አለ፣ ቁጥሩ 34አር-05 ነው። ሰነዱ ግምቱ በየትኛው ንድፍ ላይ እንደተመሠረተ ይጽፋል። የዕቃ ዋጋው የየትኛው ወር እንደሆነ፣ ምን እንደተካተተ፣ ምን እንዳልተካተተ፣ ምን ተብሎ እንደታሰበና ስጋቱ ምን እንደሆነ ያስቀምጣል። እኛ ይህን ሰነድ ጠይቀን የተሰጠን መልስ «ቢል ኦፍ ኳንቲቲው ራሱ መነሻ ነው» የሚል ነበር። አይደለም። ቢል ኦፍ ኳንቲቲ፣ ማለትም የሥራ መጠን ዝርዝሩ፣ ምን ያህል እንደሚሠራ ይነግራል። ያ መጠን ከየት እንደመጣ አይነግርም።

አንድ መስመር ወስጄ ላሳያችሁ። የፌሮ መጠን በግምቱ 118 ቶን ነው። እስካሁን በተሠራውና በጸደቀው የስትራክቸር ንድፍ መሠረት ግን 163 ቶን ያስፈልጋል። የ38 በመቶ ጭማሪ ነው። ዶላር የፌሮ ዋጋ ያስወድዳል እንጂ የፌሮ ኪሎ አይጨምርም። ሳይት ላይ ያለውን መሐንዲሳችሁን 118 ቶን ከየት እንደመጣ ስንጠይቀው፣ ከዚህ በፊት ከሠራችሁት ሌላ ሕንፃ የካሬ ሜትር ፍጆታ ተወስዶ እንደተባዛ በግልጽ ነገረን። ቅንነቱን አመሰግናለሁ። ዘዴውም ነውር የለበትም። ንድፍ በሌለበት ጊዜ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ነው። ነገር ግን እንደዚያ መሠራቱ ሰነዱ ላይ መጻፍ ነበረበት። ያ ሌላ ሕንፃ ድንጋያማ መሬት ላይ የቆመ ነው። የእኛ ቦታ መረሬ ነው። አቃቂ ላይ መሬት የቆፈረ ማንም ሰው ጥቁር አፈሩ ክረምት እንደሚያብጥ፣ በጋ እንደሚሰነጠቅ ያውቃል። የአፈር ምርመራው ዘግይቶ ሲመጣ መሠረቱ ከተናጠል ፉቲንግ (ለየምሰሶው ለብቻ ከሚሠራ መሠረት) ወደ ማት ፋውንዴሽን (ሕንፃውን በሙሉ ወደሚሸከም አንድ ወጥ የኮንክሪት መሠረት) ተቀየረ። ቁፋሮው ጠለቀ፣ አፈሩ ተጭኖ ወጣ፣ በምትኩ ሰሌክት ማቴሪያል (የተመረጠ ሙሌት) ተሞላ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው፣ ከምንዛሪው ጋርም ግንኙነት የለውም።

ሊፍቱ ደግሞ በአንድ መስመር «ላምፕሰም»፣ ማለትም በጥቅል ዋጋ፣ ተብሎ ነው የገባው። ጭነቱ፣ ፍጥነቱ፣ የፌርማታው ብዛት አልተጻፈም። ጄኔሬተሩና ትራንስፎርመሩ ግምቱ ውስጥ ጭራሽ የሉም። እነዚህን እዚህ ላይ አልዘረዝርም፤ አባሪው ላይ አሉ።

መጠባበቂያውን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። በግምቱ መጨረሻ 10 በመቶ መጠባበቂያ ተይዟል። ለምን 10 እንደሆነ የተጻፈ የለም። ይህ ገንዘብ በሁለተኛው የክፍያ ሰርተፊኬት (የተቋራጩ ክፍያ በሚጸድቅበት ሰነድ) ላይ ለመግቢያው ሎቢ ግራናይት ማሻሻያና ለግቢው ንጣፍ ወጣ። ሁለቱም አዲስ ሥራ ናቸው። መጠባበቂያ የሚያዘው በታቀደው ሥራ ውስጥ ይደርሳል ተብሎ ለሚጠበቅ፣ ግን የትኛው መስመር ላይ እንደሚደርስ ለማይታወቅ ነገር ነው። በኤ.ኤ.ሲ.ኢ. አገላለጽ ትልቅ የሥራ ለውጥ ከመጠባበቂያ አይከፈልም። የዋጋ ንረትና የምንዛሪ ለውጥም በተለምዶ ለብቻው ይያዛል። እናንተ ለዋጋ ንረት ምንም አልያዛችሁም። መጠባበቂያውን ደግሞ ለግራናይት ሰጣችሁት። መሬቱ ሲከዳን እጃችን ባዶ ነበር።

አሁን ወደ ቁጥጥሩ ልምጣ። ይህኛው ነው ይበልጥ ያሳዘነኝ። ግምት ሊስት ይችላል። ቁጥጥር ግን የሚቀጠረው ለዚሁ ነው።

በየወሩ ሪፖርት ታመጣላችሁ። ከኋላው የሥራ መርሐ ግብር ባር ቻርት ተያይዟል። የሁሉንም ወር ሪፖርት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አየነው። ቻርቱ አንድ ነው። ግርጌው ላይ ያለው ቀን እንኳ መጋቢት 2016 እንዳለ ነው። ማት ፋውንዴሽኑ ወራት ፈጅቶ ሳለ ቻርቱ ላይ መሠረቱ ዛሬም በሰኔ 2016 ያልቃል። አንድ ጊዜ እንኳ አልታደሰም።

የሰኔ 2017 ሪፖርት ፕሮጀክቱ 61 በመቶ ደርሷል ይላል። እንዴት ተሰላ ብለን ስናይ፣ እስከዚያ ወር ለተቋራጩ የተከፈለው 78 ሚሊዮን ብር ለ128 ሚሊዮኑ ተካፍሎ ነው። ይህ የወጣ ገንዘብ ነው እንጂ የተሠራ ሥራ አይደለም። ገንዘብ ስለወጣ ሕንፃ አይወጣም።

ከአባላታችን መካከል በጡረታ ላይ ያሉ ኳንቲቲ ሰርቬየር (የግንባታ ሥራ መጠንና ወጪ የሚለኩ ባለሙያ) አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሳይት ላይ ወርደው የተሠራውን እየለኩ በመጀመሪያው ግምት መጠንና ዋጋ አሰሉት። 57 ሚሊዮን ብር ወጣ። ማለትም እውነተኛው ደረጃ 45 በመቶ እንኳ አይሞላም። በመርሐ ግብራችሁ መሠረት እስከዚያ ወር 96 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሥራ ማለቅ ነበረበት። 57ን ለ78 ስናካፍል 0.73 ነው። በአንድ ብር ወጪ 73 ሳንቲም የሚያወጣ የታቀደ ሥራ ብቻ ነው ያገኘነው። በዚያው አካሄድ ቢቀጥል 128ን ለ0.73 ማካፈል ነው፤ ወደ 175 ሚሊዮን ይመጣል። ጋሼ ይህን የሠሩት በእስክሪብቶና በስልካቸው ካልኩሌተር ነው። ዘዴው ኧርንድ ቫልዩ ይባላል፤ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ከትላልቅ ተቋራጮቹ ሲጠይቀው የኖረ ነው። ፕሮፖዛላችሁ ላይም በስሙ ጠቅሳችሁታል።

ይህች አንዲት ማካፈል በየወሩ ብትሠራ ኖሮ አደጋው ገና መሠረቱ ላይ ሳለን ይታይ ነበር። ፊኒሺንጉ አይታዘዝም ነበር። አልሙኒየሙ አይፈረምበትም ነበር። እናንተ ግን 61 በመቶ እያላችሁ አስፈረማችሁን፣ ሁለት ወር ሳይሞላ 211 ሚሊዮን አላችሁን።

የክፍያ ሰርተፊኬቶቹም ላይ ያው ነው። ከስድስቱ ሰርተፊኬቶች ሁለቱ ቴክ ኦፍ ሺት (የተሠራው ሥራ ልኬት የሚጻፍበት ቅጽ) የላቸውም። ልኬት ያልተያያዘበትን ክፍያ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ እንዴት ይፈርማል? ይህ ማመካኛ የሚገኝለት ነገር አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ፊት ለፊት ልናገረው። የአገልግሎት ክፍያችሁ የግንባታው ወጪ 3 በመቶ ነው። ሕንፃው በ83 ሚሊዮን ሲወደድ የእናንተ ክፍያ ወደ 2.5 ሚሊዮን ብር ይጨምራል። ሆን ብላችሁ አስወደዳችሁት አልልም፤ ለዚያ ማስረጃ የለኝም። ግን ወጪ ሲንር የሚጠቀም ተቆጣጣሪ፣ ወጪው ለምን እንደናረ ከማንም በላይ የማስረዳት ግዴታ አለበት።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን። የ128 ሚሊዮኑ ግምት መነሻ ሰነድ በጽሑፍ ይሰጠን። 83 ሚሊዮኑ ተበትኖ ይቅረብ፦ ስንቱ በምንዛሪ፣ ስንቱ በመጠን መጨመር፣ ስንቱ በተረሳ ሥራ፣ ስንቱ በሥራ ለውጥ እንደመጣ ለየብቻ ይታይ። 211 ሚሊዮኑም ራሱ ግምት ነውና ደረጃው፣ ከስንት እስከ ስንት እንደሚዋልልና የዕቃ ዋጋው የየትኛው ወር እንደሆነ ይጻፍበት። መርሐ ግብሩ ካለንበት ተነሥቶ ይታደስ። ከመስከረም ሪፖርት ጀምሮ የታቀደው፣ የተሠራውና የተከፈለው ጎን ለጎን ይቅረብ። ልኬት የሌላቸው ሁለቱ ሰርተፊኬቶች ከጋሼና ከተቋራጩ ተወካይ ጋር በጋራ ዳግም ይለኩ። በ128 ሚሊዮኑ ላይ ለተጨመረው ወጪ የሚታሰበው የአገልግሎት ክፍያ ደግሞ ይህ ሁሉ እስኪጠራ ድረስ አይጠየቅ።

መልሳችሁን እስከ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. በጽሑፍ እንጠብቃለን። እስከዚያ ቀን አዲስ የክፍያ ሰርተፊኬት አንፈርምም፤ ለተቋራጩም ይህንኑ አሳውቀናል። ቀኑ ካለፈ በውላችን የአለመግባባት አፈታት አንቀጽ መሠረት ገለልተኛ ባለሙያ እንዲሰየም እንጠይቃለን። ሥራ አስኪያጁ ራስዎ ከቡድንዎ ጋር ሳይት ላይ ተገኝተው ከአባላቱ ጋር ለመነጋገር ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁልጊዜ እዚያ ነን።

ከሰላምታ ጋር

የማህበሩ ሊቀመንበር
(ፊርማና ማህተም)

አባሪ፦ የልኬት ሠንጠረዥ፣ ከግምቱ የቀሩ ሥራዎች ዝርዝር፣ የሰኔ 2017 ሪፖርት ቅጂ

ግልባጭ፦ ለማህበሩ ቁጥጥር ኮሚቴ፣ ለተቋራጩ